ባዮፕሲ ወይስ የ6 ወር ክትትል? ከማሞግራም በኋላ የሚቀርቡ ሁለት አገልግሎቶች ግምገማ

ማሞግራም (የጡት ኤክስሬይ) ላይ አንድ ነገር ታይቷል ከተባለ በኋላ የጡት ምርመራ ማዕከል የሚያቀርበው አገልግሎት በመሠረቱ ሁለት ነው። አንዱ በመርፌ ናሙና ወስዶ በላቦራቶሪ ማየት (ባዮፕሲ)፣ ሌላው በ6 ወር ተመልሶ እንደገና ምስል ማንሳት። እዚህ የምንገመግመው ሁለቱን ነው፤ እያንዳንዱ ምን ይሰጣል፣ ምን ያስወጣል፣ የት ላይ ይበላሻል። መነሻችን የአሜሪካ አሠራር ነው፤ በዋሽንግተን፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና በሌሎችም ከተሞች ማሞግራም የሚነሱ ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ሴቶች ይህ ምርጫ ይገጥማቸዋል። ወደ መጨረሻው አዲስ አበባን እናነሳለን፤ እዚያ ጥያቄው መልኩን ይቀይራል።

ፍርዳችንን አስቀድመን እናስቀምጥ። ክትትሉ ለትክክለኛው ግኝት ከዋለ ጥሩ አገልግሎት ነው፤ ለተሳሳተው ግኝት ከዋለ ግን 6 ወር ማባከን ነው። የመርፌ ባዮፕሲ ብዙዎች ከሚፈሩት እጅግ የቀለለ ነው። ሰው የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱን በመምረጡ ሳይሆን ምርመራው ሳያልቅ በመምረጡ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን ይጠይቁ

የአሜሪካ የማሞግራም ሪፖርት መጨረሻው ላይ ባይራድስ የሚባል ቁጥር አለው፤ ከ0 እስከ 6። 1 ምንም አልታየም ማለት ነው፤ 2 የታየው ነገር ጉዳት የለውም። 3 ሲሆን ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከ100 ከ2 አይበልጥም። 4 በሦስት ይከፈላል፤ 4ኤ ከ2 እስከ 10 በመቶ፣ 4ቢ ከ10 እስከ 50 በመቶ፣ 4ሲ ከ50 እስከ 95 በመቶ። 5 ሲሆን 95 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። 6 ቀድሞ በባዮፕሲ ለተረጋገጠ ካንሰር የሚሰጥ ነው።

0 ደግሞ ውጤት አይደለም፤ "ምስሉ አልበቃንም፣ ይመለሱ" ማለት ነው። በአሜሪካ ለመደበኛ ምርመራ ከሚሄዱ 100 ሴቶች 10 ያህሉ እንዲህ ተብለው ይጠራሉ፤ ካንሰር የሚገኘው ግን ከ1000 ምርመራ በ5 ያህሉ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትነሳ ሴት የመጠራት ዕድሏ ከፍ ይላል፤ የሚነጻጸር የድሮ ምስል የላትምና። ስለዚህ በአዲስ አበባ፣ በዱባይ ወይም በእስራኤል የተነሳ ማሞግራም ካለ፣ በፊልምም ይሁን በሲዲ፣ አምጥቶ ማሳየት ያዋጣል። ከሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ሳይለወጥ የቆየ ነገር ብዙ ጊዜ ጉዳዩን እዚያው ይዘጋዋል። ምስሉ ያለው በሌላ የአሜሪካ ማዕከል ከሆነ፣ በ2024 በሥራ ላይ በዋለው የፌዴራል ደንብ መሠረት ማዕከሉ ጥያቄው በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ ማስተላለፍ አለበት።

0 ከተባለ በኋላ የሚደረገው ተጨማሪ ምርመራ እንደ ግኝቱ ይለያያል። እብጠት ወይም ጥላ ከሆነ ቦታውን ብቻ በትንሽ ሳህን ጨምቆ ማንሳት፣ ከዚያ አልትራሳውንድ። የካልሲየም ነጠብጣብ ከሆነ በማጉያ የሚነሳ ምስል፤ ነጠብጣብን አልትራሳውንድ አብዛኛውን ጊዜ አያየውም። ይህ ሳይደረግ "በ6 ወር ይመለሱ" የሚል ሰው ካለ አይቀበሉ። 3 የሚለው ቁጥር የሚሰጠው ተጨማሪ ምስሉ ተነስቶ ካለቀ በኋላ ብቻ ነው፤ ከመደበኛው ምርመራ በቀጥታ የተሰጠ 3 ያልተሠራ ሥራ አለበት።

የ6 ወር ክትትል

ለክትትል የሚበቁት ግኝቶች ጥቂት ናቸው። ጠርዙ የጠራ ሞላላ እብጠት፣ በአንድ ጡት ላይ ብቻ የሚታይ፣ ነጠብጣብ የሌለው፣ ቲሹ የተከማቸበት ቦታ፣ እና በአንድ ቦታ የተሰበሰቡ ክብ ወይም ነጥብ መሳይ የካልሲየም ነጠብጣቦች። ከእነዚህ ውጪ ያለ ነገር፣ ለምሳሌ ጠርዙ የሾለ እብጠት ወይም ቅርጻቸው የተዘበራረቀና እንደ መስመር የተሰለፉ ነጠብጣቦች፣ ለክትትል አይሆንም።

መርሐ ግብሩ እንዲህ ነው፦ በ6 ወር ግኝቱ ያለበት ጡት ብቻ፣ በ12 ወር ሁለቱም፣ በ24 ወር እንደገና ሁለቱም። ካልተለወጠ በሁለት ዓመት ቁጥሩ ወደ 2 ይወርዳል። ከሁሉም የሚበልጠው የመጀመሪያው የ6 ወር ቀጠሮ ነው። በዚህ ምድብ ውስጥ ተደብቆ የቆየ ካንሰር ካለ ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው እዚያ ላይ ነው፣ በዚያን ጊዜም ገና ትንሽ ነው። ያንን ቀጠሮ የዘለለች ሴት ክትትል ላይ ናት ማለት አይቻልም።

ምን ሲሆን ክትትሉ ይቆማል? ጠርዙ የጠራው እብጠት በ6 ወር ውስጥ ርዝመቱ ከ20 በመቶ በላይ ካደገ፣ ለምሳሌ 10 ሚሊ ሜትር የነበረው ከ12 ካለፈ፣ ናሙና ይወሰዳል። ነጠብጣቦቹ ከበዙ ወይም መልካቸው ከተቀየረም እንዲሁ። በመሃል አዲስ እብጠት በእጅ ከተዳሰሰ፣ ከጡት ጫፍ ደም ከወጣ፣ ቆዳው ከተሰረጎደ ወይም ጫፉ ወደ ውስጥ ከገባ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይደውሉ።

አገልግሎቱ የሚበላሽባቸውን ምክንያቶች ብዙ ጊዜ ማንም አይነግርዎትም። አንደኛው የማዕከል መቀያየር ነው። ኢንሹራንስ ተለውጦ ወይም መኖሪያ ተቀይሮ ቀጣዩ ምስል ሌላ ቦታ ሲነሳ፣ የድሮው ካልደረሰ ሐኪሙ የሚያነጻጽረው የለውም፤ ሁለት ዓመቱ እንደ አዲስ ይቆጠራል። ሁለተኛው ወረቀቱ ላይ "የሚያሰጋ ነገር የለም" የሚመስል ቋንቋ መኖሩና ሰው ተረጋግቶ መርሳቱ ነው። ሦስተኛው ጉዞ። ለረጅም ጊዜ አገር ቤት ለመክረም ያሰበች ሴት ክትትልን መምረጧ ትክክል አይደለም፤ ከመሄዷ በፊት ናሙና ቢወሰድላት ይሻላል።

ቁጥሩ 3 ቢሆንም ባዮፕሲን የምንመርጥባቸው ሁኔታዎች ስላሉ በግልጽ እንጥቀሳቸው፦ የቢ.አር.ሲ.ኤ ጂን ለውጥ (የጡት ካንሰር ዕድልን የሚጨምር፣ በዘር የሚወረስ) ወይም በቤተሰብ ከባድ የጡት ካንሰር ታሪክ ካለ፣ እርግዝና ከታሰበ፣ የአካል ክፍል ንቅለ ተከላ ከተጠበቀ፣ በሌላኛው ጡት ካንሰር ከተገኘ፣ ወይም ተመልሶ የመምጣቱ ነገር ካላስተማመነ። ጭንቀትም ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። 6 ወር ሙሉ እንቅልፍ የሚነሳ ከሆነ ሐኪሙን "አሁን ይወሰድልኝ" ማለት ይቻላል፤ ምክንያታዊ ጥያቄ ነው።

በተቃራኒው 4ኤ ተብሎ "እስቲ 6 ወር እንይ" ማለት አንመክርም። 4ኤ ከሆኑት አብዛኞቹ ካንሰር አለመሆናቸው እውነት ነው፤ ግን እስከ 10 በመቶ የሚደርስ ዕድልን በ30 ደቂቃ ማጥራት እየተቻለ ግማሽ ዓመት ይዞ መዞር አያዋጣም። ጥርጣሬ ካለዎት የሚሻለው መንገድ ምስሉን የጡት ምስል ብቻ ለሚያነብ ሌላ ራዲዮሎጂስት ማሳየት ነው። ቁጥሩ አንዳንዴ ይወርዳል፣ አንዳንዴ ይወጣል። ለዚህ አንድ ሁለት ሳምንት ቢያልፍ የሚጎዳ ነገር የለም።

የመርፌ ባዮፕሲ

ሦስት ዓይነት አለ፤ የሚመረጠው ግኝቱ በየትኛው መሣሪያ ጎልቶ እንደታየ ነው። በአልትራሳውንድ የሚታይ ከሆነ በአልትራሳውንድ መሪነት ይወሰዳል። በጣም ቀላሉና ምቹው ይህ ነው፤ ጋደም ብለው ነው የሚሠራው፣ ጡት አይጨመቅም። ነጠብጣብ ከሆነ ስቴሪዮታክቲክ የሚባለው፣ ጡትን በማሞግራም ማሽን ጨምቆ ቦታውን በኮምፒውተር አስልቶ የሚወሰደው ነው። በኤምአርአይ ብቻ ለታየ ነገር የኤምአርአይ ባዮፕሲ አለ፤ ረጅሙና ውዱ እሱ ነው።

በአልትራሳውንድ ሲሠራ ሂደቱ እንዲህ ነው። ቆዳው ይጸዳል፣ ሊዶኬይን የሚባል ማደንዘዣ በቀጭን መርፌ ይሰጣል፤ የሚያቃጥለው ይሄ ነው፣ ለጥቂት ሰከንድ። ከዚያ ቆዳው ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ቀዳዳ ተከፍቶ ብዙ ጊዜ 14 ጌጅ የሆነ መርፌ ይገባል (ጌጅ የውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ መርፌው ይወፍራል)። መርፌው ናሙና ሲቆርጥ ስቴፕለር ሲመታ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ያሰማል፤ ቀድሞ ያልተነገራት ሴት ትደነግጣለች፣ ስትደነግጥም ትንቀሳቀሳለች። ስለዚህ ከመጀመራቸው በፊት ድምፁን እንዲያሰሙዎት ይጠይቁ። ከ4 እስከ 6 ቁራጭ ይወሰዳል። መጨረሻ ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ የቲታኒየም ክሊፕ ቦታው ላይ ይተዋል። ክሊፑ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አይጮህም፣ ኤምአርአይም አይከለክልም። ውጤቱ መጥፎ ከሆነ ለቀዶ ሐኪሙ ቦታውን ያሳያል፤ ጥሩ ከሆነም ከዓመታት በኋላ ሌላ ራዲዮሎጂስት "ይሄ ተመርምሯል" ብሎ ያልፈዋል። ክሊፕ አልፈልግም የሚሉ አሉ፤ ባንከራከርም ክሊፕ የሌለው ባዮፕሲ ሁለተኛ ባዮፕሲ ሊያስከትል እንደሚችል እናሳስባለን።

ስቴሪዮታክቲኩ ትንሽ ይከብዳል። ጡቱ ተጨምቆ እስኪያልቅ ከ20 ደቂቃ በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቆየት አለ። መርፌው ወፈር ያለ፣ ብዙ ጊዜ 9 ጌጅ ሆኖ በቫክዩም የሚስብ ነው፤ አንዴ ገብቶ እየዞረ ወደ 12 ቁራጭ ይወስዳል። እዚህ አንድ ወሳኝ ደረጃ አለ፦ የተወሰዱት ቁራጮች እዚያው ኤክስሬይ ይነሳሉ። ነጠብጣቡ ቁራጮቹ ውስጥ ካልታየ መርፌው ቦታውን ስቷል ማለት ነው፤ ያኔ ውጤቱ "ጤናማ ቲሹ" ቢልም ዋጋ የለውም። "ነጠብጣቡ ናሙናው ውስጥ ታይቷል?" ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ከባዮፕሲው በኋላ ቦታው ለ10 ደቂቃ ያህል በእጅ ይጫናል፣ የክሊፑን ቦታ ለማየት ቀለል ያለ ማሞግራም ይነሳል። የዚያን ቀን በረዶ በፎጣ ጠቅልሎ ማድረግ፣ ጠበቅ ያለ ጡት መያዣ ማታም ጭምር መልበስ፣ ለ24 ሰዓት ከባድ ነገር አለማንሳት። ሕፃን ማዘልም፣ ትልቅ የወጥ ድስት ማንሳትም ከባድ ነገር ነው። መበለዝ የተለመደ ነው፤ ሕክምና የሚያስፈልገው የደም መቋጠር ወይም ኢንፌክሽን ግን ከ100 አንድ አይሞላም። ጡቱ በፍጥነት እያበጠ ከሄደ ወይም ትኩሳት ከመጣ ይደውሉ።

ከመሄድዎ በፊት የሚበላሹ ሁለት ነገሮች አሉ። የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ በራስዎ አያቁሙ፤ ብዙ ማዕከሎች ሳያስቆሙ ይሠራሉ፣ ዋርፋሪን ከሆነ የደም ምርመራ ያያሉ። ሌላው ጾም ነው። ለመርፌ ባዮፕሲ ባዶ ሆድ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ባዶ ሆድ ለራስ መሳት ያጋልጣል። በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን ቀጠሮ ከደረሰ፣ ከበሉ በኋላ የሚሆን ቀጠሮ ይጠይቁ፤ ካልሆነ ጾም ላይ እንደሆኑ ለነርሷ ይንገሩ።

"በመርፌ ከተነካ ይሠራጫል" የሚለው ስጋት በማኅበረሰባችን ውስጥ ብዙ ሴት አስቀርቷል። መርፌው በሄደበት መንገድ ጥቂት ሕዋሶች ሊንቀሳቀሱ እንደሚችሉ ይታወቃል፤ ነገር ግን ይህ የሕመሙን መመለስም ሆነ ሞትን እንደሚጨምር አልታየም። ከቀዶ ሕክምና በፊት በመርፌ ማረጋገጥ ዛሬ ተመራጩ አሠራር ነው። የሚገድለው መዘግየት ነው።

ውጤቱ ሲመጣ

አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 የሥራ ቀን ይፈጃል። ከ2021 ወዲህ በአሜሪካ ውጤት በስልክ መተግበሪያው ላይ ሐኪሙ ሳይደውል በፊት ሊታይ ይችላል፤ ብቻዎን ሆነው ማየት ካልፈለጉ አይክፈቱት።

ውጤቱ "ካንሰር የለውም" ቢል አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ ከምስሉ ጋር ይስማማል? ራዲዮሎጂስቱ የፓቶሎጂ (ናሙናው በማይክሮስኮፕ የታየበትን) ውጤት አንብቦ ምስሉን የሚያብራራ መሆኑን በጽሑፍ ማስፈር አለበት። ምስሉ 5 ሆኖ ውጤቱ "ተራ ቲሹ" ካለ አይስማማም፤ መድገም ወይም በቀዶ ማውጣት ይከተላል። ፋይብሮአዴኖማ (ካንሰር ያልሆነ ጠንካራ እብጠት) ተብሎ ምስሉም ጠርዙ የጠራ ሞላላ ከሆነ ይስማማል። "አቲፒካል ዳክታል ሃይፐርፕላዝያ" የሚል ከመጣ ካንሰር አይደለም፤ ሆኖም በመርፌ የተወሰደው ከፊሉ ብቻ ስለሆነ አጠገቡ ካንሰር ሊኖር ይችላል፣ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሐኪም ጋር ይላካል።

ክፍያውና ቋንቋው

መደበኛው ማሞግራም በአብዛኛው ኢንሹራንስ ነፃ ነው። ሁለተኛው ጥሪ ግን ስሙ "ዲያግኖስቲክ" ይሆንና እስከ 2025 ድረስ በብዙ ኢንሹራንሶች የራስ ድርሻ ውስጥ ይገባ ነበር፤ አሁን ያስከፍል እንደሆነ የእርስዎን ኢንሹራንስ ይጠይቁ። ክትትሉም በዚሁ ስም ነው የሚከፈለው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ። ስለዚህ "ክትትል ርካሽ ነው" የሚለው ሁልጊዜ አይሠራም። የባዮፕሲ ሂሳብ ደግሞ ከሁለት ሦስት ቦታ ይመጣል፤ ከማዕከሉ፣ ከራዲዮሎጂስቱ፣ ከፓቶሎጂ ላቦራቶሪው። ግምት ሲጠይቁ ኮዱን ይናገሩ፦ በአልትራሳውንድ ከሆነ 19083፣ በስቴሪዮታክቲክ 19081፣ በኤምአርአይ 19085፣ ፓቶሎጂው 88305። ኢንሹራንስ የሌላቸውና ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ከ40 እስከ 64 ዓመት ያሉ ሴቶች በየስቴቱ ያለውን የሲዲሲ (የፌዴራሉ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል) የጡትና የማኅጸን በር ካንሰር ምርመራ ፕሮግራም በጤና ቢሮ በኩል መጠየቅ ይችላሉ።

ልጅን ወይም እህትን አስተርጓሚ አድርጎ መግባት አንመክርም። ቤተሰብ ክፉ ወሬን አለስልሶ ማቅረብ ልማዱ ነው፤ በፍቅር የተደረገ ቢሆንም "የሚያጠራጥር" የሚለው ቃል "ምንም አይልም" ሆኖ ሲደርስ ቀጠሮ ይቀራል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ ሁሉ ብቁ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ በስልክም ቢሆን። ቀጠሮ ሲያዝ "የአማርኛ አስተርጓሚ" ብለው ያስመዝግቡ።

አዲስ አበባ ሲሆን

በኢትዮጵያ አብዛኛዋ ሴት ወደ ሐኪም የምትሄደው እብጠቱን በእጇ ዳስሳ ነው። ይህ ብቻውን ጉዳዩን ይቀይረዋል፤ የክትትል ሕጎች በዋናነት የተሠሩት በማሞግራም ብቻ ለታየና ለማይዳሰስ ግኝት ነው። የሚዳሰስ ጠንካራ እብጠት ይዞ "ከ6 ወር በኋላ" መባል ተገቢ የሚሆነው በወጣት ሴት፣ በአልትራሳውንድ በሚገባ ታይቶ ፋይብሮአዴኖማ ሲመስል ብቻ ነው።

በብዛት የሚቀርበው አገልግሎት በቀጭን መርፌ ሕዋስ መምጠጥ፣ ኤፍኤንኤ የሚባለው ነው። ርካሽና ፈጣን ነው፤ ለፈሳሽ ቋጠሮ ወይም ለብብት እጢ ጥሩ ነው። ለሚያጠራጥር እብጠት ግን ደካማ ምርጫ ነው። የሚያወጣው የተበታተነ ሕዋስ ስለሆነ ካንሰሩ ከወተት ቱቦው ወጥቶ እንደሆነ ወይም እንዳልወጣ መለየት አይችልም፤ የሆርሞንና የኸር2 (ሕክምናን ለመምረጥ የሚታይ ፕሮቲን) ምርመራም በአስተማማኝ ሁኔታ አይሠራበትም። ኮር ባዮፕሲ፣ ማለትም ከላይ ያየነውን ቁራጭ የሚወስድ የመርፌ ባዮፕሲ፣ ማግኘት ከተቻለ ተጨማሪውን ብር ማውጣት ያዋጣል። ኤፍኤንኤ ተሠርቶ "ሰላም ነው" ቢባል እንኳ የሐኪሙ የእጅ ምርመራ፣ ምስሉና መርፌው ሦስቱም መስማማት አለባቸው፤ አንዱ ካፈነገጠ ኮር ይጠይቁ።

ናሙናውን ቤተሰብ ተቀብሎ ወደ ሌላ ላቦራቶሪ የሚያደርስበት ጊዜ አለ፤ ብዙ ጥሩ ባዮፕሲ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቁራጩ ከጡት በወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ 10 በመቶ በሆነ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት። በጨው ውኃ ወይም በጋዝ ጠቅልሎ መስጠት ናሙናውን ያበላሸዋል። ፎርማሊኑ ከቁራጩ 10 እጥፍ ያህል ይሁን፣ ቆይታውም ከ6 ሰዓት አይነስ፣ ከ72 ሰዓት አይለፍ። አርብ ከሰዓት የተወሰደ ናሙና እስከ ማክሰኞ ሳይነካ ከቆየ የሆርሞን ምርመራው ሊሳሳት ይችላል፤ የሚቻል ከሆነ በሳምንቱ መጀመሪያ ይወሰድ። ዕቃው ላይ ሙሉ ስም፣ ቀኝ ወይም ግራ፣ የተወሰደበት ቀንና ሰዓት ይጻፍበት፤ የአልትራሳውንዱ ወረቀት ኮፒ አብሮ ይሂድ።

ላቦራቶሪው ውጤቱን ሲሰጥ የፓራፊን ብሎኩን (ናሙናው የተቀበረበትን የሰም ቁራጭ) የት እንደሚያስቀምጥና ለስንት ጊዜ እንደሚይዝ ይጠይቁ። ውጤቱ ካንሰር ከሆነ የሆርሞንና የኸር2 ምርመራው የሚሠራው ከዚያው ብሎክ ላይ ነው፤ ወደ ሌላ ሆስፒታል ወይም ወደ ውጭ አገር ሪፈር ቢባሉም አዲስ መርፌ ሳያስፈልግ ብሎኩን ይዞ መሄድ ይበቃል።